ስንዴው ደርሶ ማሽኑ ሲቆም

በአርሲ ዞን ሲሬ ወረዳና በአጎራባች ወረዳዎች የመኸር ሰብል የሚሰበሰብበት ጊዜ አጭር ነው። ዝናቡ ወጥቶ ስንዴው ከደረቀበት ቀን አንስቶ ያልታሰበ ደመና እስኪመጣ ድረስ ያሉት ጥቂት ሳምንታት የዓመቱ ልፋት የሚለይባቸው ናቸው። የደረሰ ስንዴ ማሳ ላይ ሲቆይ ፍሬው ይረግፋል፤ ዝናብ ካገኘው ደግሞ እዚያው ዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል። አርሶ አደሮቻችን ይህን ከማንም በላይ ስለሚያውቁ ኮምባይነር ወይም መውቂያ ማሽን ቀበሌያቸው ገባ ሲባል ሌላውን ሥራ ሁሉ ትተው ተራ ይይዛሉ።

ተራ ተይዞ እያለ ግን ማሽኑ ይቆማል። ሞተሩ ደህና ነው። ነዳጅ አለው። ያቆመው በአንድ መዳፍ የሚያዝ ብረት ነው። መካኒኮች ከጣሊያንኛ በወረሱት ስም ኩሽኔታ ይሉታል፤ በመማሪያ መጻሕፍት ቤሪንግ ተብሎ ይጻፋል። የሚሽከረከር ሻፍት ባለበት ሁሉ እርሱ አለ፦ በመውቂያው ድራም ሁለት ጫፍ፣ በማራገቢያው፣ በወንፊቱ መንቀጥቀጫ፣ በትራክተሩ ጎማ፣ በወፍጮ ቤቱ፣ በውኃ ፓምፑ። ሥራው ሻፍቱን በቦታው ይዞ በነፃነት እንዲዞር ማድረግ ነው። ከዚህ ሌላ ምንም አይሠራም፤ እርሱ ሲያልቅ ግን ሌላው ሁሉ አብሮት ያልቃል።

ብዙዎች ኩሽኔታን እስኪሰበር የሚጠበቅ ነገር አድርገው ያዩታል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ከዚህ አመለካከት ጋር ነው።

አንድ መውቂያ ድራም በደቂቃ 900 ጊዜ ይዞራል ብንልና በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ፣ ሻፍቱ በአንድ ቀን 432 ሺህ ዙር ይዞራል ማለት ነው። በሁለት ቀለበቶች መካከል የተቀመጡት የብረት ኳሶች ይህን ሁሉ ዙር የሚሸከሙት እጅግ በቀጠነ የግሪስ ሽፋን ላይ ተንከባለው ነው። በዚያ ሽፋን ውስጥ እብቅና አቧራ ሲገባ ግሪሱ ማለስለሱን ትቶ እንደ ብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ይጀምራል። መጀመሪያ ለዓይን የማይታይ ጭረት ይወጣል፤ ጭረቱ ይሰፋል፤ ኳሱ በተጨረው ላይ ሲያልፍ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡ ሙቀት ይፈጥራል፤ ሙቀቱ የቀረውን ግሪስ አቅልጦ ያፈሰዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ጉዞ ፈጣን ነው። ጠዋት ድምፅ ብቻ የነበረው ማታ ሻፍት የበላ ኩሽኔታ ሆኖ ይገኛል።

በመኸር ወቅት በገጠር ቀበሌዎች ደጋግሞ የሚታየው ነገር ይህን ይመስላል። ማሽኑ ማጉረምረም ይጀምራል። ኦፕሬተሩ ይሰማዋል፤ ነገር ግን ከፊቱ የሦስት አባወራ ክምር አለ፤ ባለቤቱ የሚከፈለው በወቃው ኩንታል ልክ ነው፤ ገበሬው ደመናውን እያየ ቶሎ በሉ ይላል። ስለዚህ ይህችን ክምር ብቻ እንጨርስ ይባላል። ክምሯ ሳታልቅ ኩሽኔታው ይነክሳል። የውስጡ ቀለበት ከሻፍቱ ጋር መዞሩን ትቶ ሻፍቱን ይልጠዋል። በአንድ ኩሽኔታ ዋጋና በሁለት ሰዓት ሥራ ያልቅ የነበረው ጥገና ሻፍት አውጥቶ አሰላ ወይም አዳማ ቶርኖ ቤት መውሰድ፣ አስበይዶ ማስከርከም፣ መልሶ መግጠም ይሆናል። ሁለት ሦስት ቀን ይሄዳል። ተራ ይዘው የነበሩት አባወራዎች ወይ ሌላ ማሽን ይፈልጋሉ፣ ወይ ወደ አውድማና ወደ በሬ ይመለሳሉ።

ከዚህ የከፋም አለ። የነከሰ ኩሽኔታ እስኪቀላ ይግላል። በዙሪያው ያለው ደረቅ ገለባና እብቅ ነው። በዓለም ዙሪያ በኮምባይነሮች ላይ ከሚደርሱ የእሳት አደጋዎች መነሻዎች መካከል የጋለ ኩሽኔታ አንዱ መሆኑ በዘርፉ የታወቀ ነው። እኛ ዘንድ መውቂያው የሚቆመው ከክምሩ ጥግ፣ አንዳንዴም ከቤቱ አጠገብ ስለሆነ አንድ ብልጭታ የአንድ ቤተሰብን የዓመት ቀለብ ሊወስድ ይችላል። ማሽን በሚሠራበት ቦታ አንድ በርሜል ውኃ፣ አካፋና የተቆፈረ አፈር ማዘጋጀት ወጪ የለውም፤ ሆኖም ብዙ ቦታ አይታይም።

ከመስበሩ በፊት ይናገራል

ኩሽኔታ በድንገት አይሞትም። የሚሰጣቸው ምልክቶች ሦስት ናቸው፤ ድምፅ፣ ሙቀትና ልቅነት።

ድምፁን ለመለየት የቆዩ መካኒኮች የሚጠቀሙበት ዘዴ አለ። የረጅም ካቻቢቴ ጫፍ በኩሽኔታው ቤት ላይ አስደግፎ እጀታውን ከጆሮ አጠገብ ማድረግ ነው። ደህናው ለስለስ ያለ እፍታ ያሰማል፤ የታመመው ጠጠር የሚፈጭ ይመስላል። ይህ የሚደረገው ግን ቺንጋና ፑሌጃ በሌለበት ወገን፣ የልብስ ጫፍ፣ ነጠላና ሻሽ በደንብ ተሰብስቦ ብቻ ነው። የማያስተማምን ከሆነ ቢቀር ይሻላል፤ ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን ፈትቶ ድራሙን በእጅ ማዞርም ብዙ ነገር ይናገራል። ሲዞር እጅ ላይ ሻካራነት ከተሰማ ወይም እየያዘ የሚለቅ ከሆነ ጊዜው ደርሷል።

ሙቀቱን ለማወቅ ማሽኑ ለአንድ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ አጥፍቶ የኩሽኔታውን ቤት መንካት በቂ ነው። ሞቅ ማለቱ ጤናማ ነው። እጅን ለሁለት ሦስት ሴኮንድ እንኳ ማቆየት ካልተቻለ ሙቀቱ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ደርሷል ማለት ነውና መመርመር ያስፈልገዋል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን ሁለቱን ጎን ማነፃፀር ነው። የድራሙ ግራና ቀኝ ኩሽኔታዎች አንድ ዓይነት ሥራ ስለሚሠሩ አንዱ ሞቆ ሌላው በጣም ከጋለ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ማንም ሳይነግረን እናውቃለን።

ልቅነቱን ለመፈተሽ ቺንጋው ወጥቶ ከሻፍቱ ሥር ጠንካራ እንጨት ገብቶ ወደ ላይ ይነሳል። ሻፍቱ በኩሽኔታው ውስጥ ሲንቀሳቀስ ከታየ ወይም ቀጭ ካለ ያለቀለት ነው። በመጨረሻም ዓይን አለ። በኩሽኔታው ዙሪያ የጠቆረ ወይም ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ከተገኘ፣ ያ ዱቄት ከውስጥ የወጣ ብረት ነው።

ለምን ቶሎ ያልቃል?

ባለማሽኖች አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱን የሚጥሉት በዕቃው ጥራት ላይ ነው። ጥራት አንድ ጉዳይ ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ሆኖም በሚሠራው ማሽን ላይ ያሉት ምክንያቶች ይበልጣሉ፤ ከእነዚህም ዋነኛው ከሚገባው በላይ የተወጠረ ቺንጋ ነው። ቺንጋ ሲንሸራተት ኦፕሬተሩ ይወጥረዋል፤ ሲደግም ይበልጥ ይወጥረዋል። የዚያ ውጥረት ሸክም በሙሉ የሚያርፈው በኩሽኔታው ላይ ነው። በኩሽኔታ ምህንድስና የታወቀ ስሌት አለ፤ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን የኳስ ኩሽኔታ ዕድሜ በግማሽ ሳይሆን ወደ ስምንት እጅ አንድ ይወርዳል። ስምንት ዓመት ሊያገለግል የሚገባው በአንድ ዓመት ያልቃል እንደማለት ነው። ስለዚህ ያረጀና ዘይት የጠጣ ቺንጋን በመወጠር ከማሠራት መቀየር ይረክሳል።

ሁለተኛው የድራሙ ሚዛን ነው። ከመውቂያው ጥርሶች አንዱ ሲሰበር በአቅራቢያ ብየዳ ቤት በተገኘ ብረት ይተካል። አዲሱ ከነባሮቹ ከከበደ ወይም ከቀለለ ድራሙ ሲዞር ይዘላል። በደቂቃ 900 ጊዜ የሚዘል ድራም ኩሽኔታን ቀርቶ የማሽኑን እግር ይሰነጥቃል። አንድ ጥርስ ሲቀየር ትይዩውም እኩል ክብደት ባለው ቢቀየር ችግሩ ይቀራል።

ሦስተኛው ገለባ ነው። ረጅም ገለባ በድራሙ ጫፍና በኩሽኔታው መካከል ባለው ክፍተት ይጠመጠማል፤ እየጠበቀ ሄዶ አቧራ የሚከላከለውን ጎማ ከቦታው ይነቅላል። በየቀኑ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በቢላዋ ቆርጦ ማውጣት አምስት ደቂቃ ይፈጃል።

ሌላው ብዙም የማይታወቀው ብየዳ ነው። በማሽኑ ላይ ሲበየድ የመሬት ገመዱ ከድራሙ ማዶ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ኳሶች በኩል ያልፋል። በኳሶቹና በቀለበቱ መገናኛ ላይ ጥቃቅን ቃጠሎ ትቶ ይሄዳል። ኩሽኔታው በዚያ ቀን ይሠራል፤ ከሳምንት በኋላ ማጉረምረም ሲጀምር ግን ብየዳውን የሚያስታውስ የለም። የመሬት ገመድ ሁልጊዜ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ኩሽኔታ በመካከል በሌለበት መታሰር አለበት።

ቁጥሩን ማንበብ

ወደ ዕቃ መደብር ሲኬድ አሮጌውን ኩሽኔታ ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ ጥሩም ነው። ይሁን እንጂ ቁጥሩን ማንበብ የሚችል ሰው ስልክ ደውሎም ቢሆን ትክክለኛውን ማዘዝ ይችላል። አነባበቡ ከሚታሰበው ይቀላል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኀዞች ከ04 ጀምሮ በ5 ሲባዙ የሻፍቱን ውፍረት በሚሊ ሜትር ይሰጣሉ። 6205 ለ25 ሚሊ ሜትር ሻፍት ነው፤ 6207 ለ35፤ 6208 ለ40። ከ04 በታች ያሉት ግን በዚህ አይሰሉም፤ 00 የ10፣ 01 የ12፣ 02 የ15፣ 03 የ17 ሚሊ ሜትር ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «2 አር ኤስ» የሚል ካለ በሁለቱም ወገን በጎማ የተዘጋ ነው፤ «ዜድ ዜድ» ከሆነ በቆርቆሮ የተሸፈነ ነው። እብቅ በበዛበት ሥራ ላይ የጎማው ይመረጣል።

በመውቂያዎች ላይ በብዛት የሚገኘው ከነቤቱ የሚሸጠው፣ በሁለት ብሎን ከማሽኑ አካል ጋር የሚታሰረው ዓይነት ነው። «ዩሲፒ 207» ተብሎ ከተጻፈ 207 የውስጡን ኩሽኔታ መጠን፣ «ፒ» ደግሞ ቤቱ ተቀማጭ መሆኑን ያሳያል። በግድግዳ ላይ በአራት ብሎን የሚታሰረው «ዩሲኤፍ» ነው። የዚህ ዓይነቱ ኩሽኔታ የውጭ ቀለበት እንደ ኳስ ስለተሞረደ በቤቱ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ማለት ይችላል። የማሽኑ አካል ፍጹም ቀጥ ባይልም ኩሽኔታው ራሱን ያስተካክላል። ይህ በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በስዊድን ጎተንበርግ ከተማ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና መሐንዲስ የነበረው ስቬን ዊንግኩዊስት፣ ፋብሪካው የቆመበት ሸክላማ መሬት እየሰመጠ ሻፍቶቹ ሲጣመሙና ኩሽኔታዎቹ ሲሰበሩ ቢያስቸግሩት ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ ፈጠረ። እ.ኤ.አ. በ1907 ኤስ ኬ ኤፍ የተባለው ኩባንያ የተመሠረተው በዚሁ ፈጠራ ነው። አርሲና ስዊድን በሌላም ነገር ይገናኛሉ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ በሁለቱ አገሮች ስምምነት አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችን ለዚህ አካባቢ ካስተዋወቁት ቀዳሚው ነው። በእርግጥ በዚያ ዘመን የገባው ትራክተርና ኮምባይነር ብዙ ጭሰኞችን ከመሬታቸው ማስነቀሉም አብሮ ይታወሳል።

አንድ ወጥመድ እዚህ ላይ መነገር አለበት። አንዳንድ ማሽኖች፣ በተለይም አሮጌዎቹ፣ የሻፍታቸው ልክ በኢንች ነው። 1 ኢንች ከ3/8 የሆነ ሻፍት በሚሊ ሜትር 34.9 ገደማ ስለሆነ የ35 ሚሊ ሜትር ኩሽኔታ ያለ ችግር ይገባበታል። የሚቀረው ክፍተት የአንድ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው። ብዙ መካኒክ ገባልኝ ብሎ ይደሰታል። ያ ፀጉር የምታህል ክፍተት ግን በቀናት ውስጥ ሻፍቱን ትበላዋለች። ለዚህ ሻፍት የሚገዛው 207-22 ነው፤ 22 ማለት የኢንች 16ኛ እጆች ቁጥር ነው። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ሻፍቱን በካሊበር መለካት ግድ ነው።

ስለ ጥራት ስንነጋገር፣ በታወቁ ኩባንያዎች ስም ተመሳስለው የሚሠሩ ኩሽኔታዎች የመላው ዓለም ችግር ናቸው። ርካሽ ሁሉ ሐሰተኛ አይደለም፤ በራሱ ስም የሚሸጥ መጠነኛ ጥራት ያለው ዕቃ አለ፤ ገዢውም የሚገዛውን አውቆ ይገዛል። የሚጎዳው በሌላ ስም የተሸጠው ነው። ጽሑፉ የደበዘዘ፣ በጣት ሲታሽ የሚለቅ፣ በካርቶኑና በብረቱ ላይ ያለው ቁጥር የማይመሳሰል፣ ዋጋው ከሌላው መደብር በግማሽ የወረደ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። ደረሰኝ መቀበልም ለታክስ ብቻ አይደለም፤ ዕቃውን ለመመለስም ያገለግላል።

አቀያየሩ

ሥራው የሚጀምረው ሞተር በማጥፋትና ቁልፉን ኪስ ውስጥ በማስገባት ነው። በትራክተር የሚዞር ከሆነ ካርዳኑ ከትራክተሩ ይላቀቃል። ይህ እንደ ተራ ማስጠንቀቂያ መታየት የለበትም። መውቂያና ካርዳን ጣትና ክንድ የሚወስዱ መሣሪያዎች መሆናቸውን የማያውቅ የገጠር ነዋሪ የለም፤ አደጋው የሚደርሰውም ብዙ ጊዜ «ትንሽ ነገር ላስተካክል» ሲባል ነው።

ቀጥሎ የኩሽኔታው አካባቢ ከእብቅና ከገለባ ይጸዳል። አዲስ ኩሽኔታን በአቧራ መካከል መግጠም በመጀመሪያው ቀን ማሳመም ነው። ክፍት ሜዳ ላይ ከሆነ ንጹሕ ጨርቅ ወይም ሸራ ይነጠፋል፤ አዲሱም ከካርቶኑ የሚወጣው ሌላው ሁሉ ከተዘጋጀ በኋላ ነው። ቺንጋው ይወጣል፤ የኩሽኔታው ቤት የነበረበት ቦታ በኖራ ወይም በመቁረጫ ጫፍ ይመለከታል። ድራሙ እንዳይወድቅ በክሪክ ወይም በእንጨት ይደገፋል።

ኩሽኔታውን ከሻፍቱ ጋር የያዙት ሁለት ትናንሽ ብሎኖች ሙሉ በሙሉ መላላት አለባቸው። ብሎኖቹ ሻፍቱ ላይ ጥርስ ትተዋል፤ የተነሳው ብረት በሞረድ ካልተስተካከለ ኩሽኔታው ሲሳብ ሻፍቱን እየቧጠጠ ይወጣል። ለማውጣት ትክክለኛው መሣሪያ መንቀያው ነው። መንቀያ በሌለበት መዶሻና መሮ ይነሳል፤ አሮጌውን ለማውጣት ይህ ይታለፍ ይሆናል፤ አዲሱን ለማስገባት ግን ከቶ አይሆንም።

ከወጣ በኋላ ቸኩሎ አዲሱን ከማስገባት በፊት ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛው ሻፍቱ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብሎ ጸድቶ በካሊበር ሁለት ሦስት ቦታ ይለካል። ከተበላ፣ በአካባቢያችን የተለመደ አንድ አጉል ብልሃት አለ፤ ሻፍቱን በመምቻ ነቁጥ ነቁጥ አድርጎ ማሳበጥ። ኩሽኔታው ጠብቆ የገባ ይመስላል፤ የያዘው ግን በነቁጦቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ በጥቂት ቀናት ይላላል። ማሳ ላይ ለአንድ ቀን ማዳኛ ሊሆን ይችል ይሆናል፤ ጥገና ግን አይደለም። መፍትሔው ቶርኖ ቤት ነው። ሁለተኛው አሮጌው ኩሽኔታ ራሱ ነው። ተከፍቶ ሲታይ ግሪሱ በአቧራ ከጠቆረ ችግሩ መከላከያው ጎማ ነው፤ ቀለበቱ በአንድ ወገን ብቻ ከተበላ ቺንጋው ተወጥሯል፤ ሰማያዊ ቀለም ካወጣ በሙቀት ተቃጥሏል። ይህን ሳያዩ መቀየር በሽታውን ትቶ ልብስ መለወጥ ነው።

አዲሱ በእጅ ወይም በመጠነኛ ግፊት መግባት አለበት። ጠብቆ የሚገባው ዓይነት ከሆነ ግፊቱ የሚያርፈው ሻፍቱን በሚነካው በውስጠኛው ቀለበት ላይ ብቻ ነው። በውጭው ቀለበት ላይ ከተመታ ምቱ በኳሶቹ በኩል ያልፋል፤ እያንዳንዱ ኳስ ቀለበቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ጉድጓድ ይተዋል። ልኩ የተስማማ ቧንቧ ቆርጦ በውስጠኛው ቀለበት ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ መምታት ይቻላል። ያልታሸገ ኩሽኔታ ከሆነ ደግሞ በሞቀ ዘይት ውስጥ ከ80 እስከ 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ ማስገባት ይቻላል፤ ሲሞቅ ይሰፋና በራሱ ይንሸራተታል። በብየዳ እሳት ወይም በከሰል ማጋል ግን የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል። በጎማ የታሸገው ዘይት ውስጥ አይነከርም።

የማጥበቁ ቅደም ተከተል ብዙዎች የሚስቱት ነው። የሁለቱም ጎን ቤቶች መጀመሪያ ልል ሆነው ይቀመጣሉ፤ ድራሙ በእጅ ጥቂት ዙር ይዞራል፤ ኩሽኔታዎቹ ራሳቸውን ካስተካከሉ በኋላ ቤቶቹ ከማሽኑ አካል ጋር ይጠብቃሉ፤ በመጨረሻ የሻፍቱ ብሎኖች ይጠብቃሉ። አስቀድሞ ሻፍቱን አጥብቆ ቤቱን በኋላ መጎተት ኩሽኔታውን ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ በግድ ያሠራዋል። ቺንጋው ከተመለሰ በኋላ በመካከሉ በአውራ ጣት ሲጫን በአንድ ሜትር ርዝመት አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ቢሰምጥ ተስማሚ ነው።

ግሪስን በሚመለከት ብዙ መጨመር ቸርነት የሚመስላቸው አሉ። በኩሽኔታው ውስጥ ካለው ባዶ ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ቢሞላ ይበቃዋል። ከዚያ ሲበልጥ ኳሶቹ ግሪሱን ሲያምሱ ይግላል፤ በፓምፕ ኃይል ሲገፋም መከላከያውን ጎማ ይፈነቅላል። የግሪስ አፉን በጨርቅ ጠርጎ አንድ ሁለት ጊዜ መጫን፣ አዘውትሮም መጨመር ይመረጣል። የተለያየ ዓይነት ግሪስ አይቀላቀልም። ከዚያ ማሽኑ ያለ ሰብል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይሠራል፤ ይጠፋል፤ ይነካል፤ ብሎኖቹም እንደገና ይጠበቃሉ።

ውኃ ግሪሱ የሆነ ኩሽኔታ

የበጋ መስኖ ስንዴ ሲስፋፋ ፓምፕ የገዛው ገበሬ በዝቷል። ስለዚህ ስለ አንድ ልዩ ዓይነት ጥቂት እንበል። ሞተራቸው በሆዳቸው ውስጥ የተቀመጠ ጀልባዎች ውኃውን የሚቀዝፈውን ፕሮፔለር የሚያዞረው ሻፍት ከጀልባው ኋላ ሲወጣ የሚያርፈው በጎማ ኩሽኔታ ላይ ነው። ጎማው በነሐስ ቧንቧ ውስጥ ተለጥፎ ርዝመቱን ተከትሎ ቦይ ቦይ ወጥቶለታል፤ በቦዩ የሚያልፈው ውኃ ያለሰልሰዋል፣ ያቀዘቅዘዋልም። ግሪስ አይቀባም፤ ግሪስና ዘይት እንዲያውም ጎማውን ያበላሹታል። ረጅም ሻፍት ያላቸው የጥልቅ ጉድጓድ ፓምፖችም በየመካከሉ ተመሳሳይ የጎማ ኩሽኔታ አላቸው። ፓምፑ ያለ ውኃ ለአጭር ጊዜ እንኳ ቢዞር ጎማው ይቃጠላል። ደለል ያለበት ውኃ ሲሆን ደግሞ አሸዋው ጎማውንም ሻፍቱንም ይበላል፤ ሻፍቱ በቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ማለት ይጀምራል፣ ፓምፑ ይንቀጠቀጣል፣ ውኃው ይቀንሳል። ከመሳቢያው አፍ ወንፊት ማድረግና ፓምፑን ውኃ ሳይሞሉ አለማስነሳት ዕድሜውን ያራዝመዋል።

የበጋው ስንዴ ሌላም ነገር ለውጧል። ቀድሞ መውቂያና ኮምባይነር ከታህሳስ ወይም ከጥር በኋላ እስከ ቀጣዩ መኸር ያርፉ ነበር፤ ጥገናውም በዚያ ክፍተት ይደረስበት ነበር። አሁን መስኖ ባለባቸው ቦታዎች በመጋቢትና ሚያዝያ ዳግመኛ ይፈለጋሉ። ማሽኑ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የጥገናው ጊዜ ግን አጥሯል። የጥገና ሥርዓታችን ለዚህ ገና ራሱን አላዘጋጀም።

ከወረዳው ምን ይጠበቃል?

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. የግብርና መካናይዜሽን፣ የመስኖና የእንስሳት መኖ መሣሪያዎች ከቀረጥ ነፃ እንዲገቡ መፍቀዱ ማሽን እንዲበዛ አግዟል። ማሽን መግባቱ በየስብሰባው ሪፖርት ይደረጋል። ስንቱ በመኸር መካከል ቆመ፣ ለስንት ቀን፣ በምን ምክንያት የሚለው ግን በሪፖርት ውስጥ ቦታ የለውም። በዚህ ጸሐፊ እምነት የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች መጀመር ያለባቸው ከዚህ ነው። በቀበሌው ያሉት መውቂያዎችና ኮምባይነሮች ሞዴል፣ የኩሽኔታና የቺንጋ ቁጥር በአንድ መዝገብ ቢያዝ፣ በብዛት የሚፈለጉት ከአምስት ስድስት የማይበልጡ ቁጥሮች ሆነው ይገኛሉ። እነዚያን ከመስከረም በፊት ገዝቶ በኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ማስቀመጥ ማዳበሪያ ከማቅረብ የሚከብድ ሥራ አይደለም። መንቀያና ካሊበርም እንዲሁ ለእያንዳንዱ ባለማሽን ውድ ናቸው፤ ለማኅበር ግን ቀላል ናቸው።

እውቀቱም ሩቅ አይደለም። አሰላ የሚገኘው የግብርና ምህንድስና ምርምር ማዕከል መውቂያዎችን ሲነድፍና ሲያሻሽል የኖረ ነው። ቁሉምሳ ያለው የኢትዮ ጀርመን የግብርና ሥልጠና ማዕከል የትራክተርና የኮምባይነር ኦፕሬተሮችንና መካኒኮችን ያሠለጥናል። ከየቀበሌው ሁለት ወጣቶች መርጦ መላክ፣ ሲመለሱም የመሣሪያ ሳጥን አስይዞ ሥራ ማስጀመር ለወረዳው የሥራ ዕድል ፈጠራም ይቆጠራል።

ማሽን በሚያከራዩና በገበሬዎች መካከል የሚደረገው ውልም መታየት አለበት። ክፍያው በኩንታል ብቻ ሲሆን ባለማሽኑ የሚያጉረመርም ኩሽኔታ ይዞ እንዲሠራ ይገፋፋል። ቀበሌው ከስምሪቱ በፊት ማሽኑን የሚፈትሽ፣ ቀን በቀን ጠዋት ግማሽ ሰዓት ለጽዳትና ለግሪስ የሚፈቅድ ደንብ ቢያወጣ የሚዘገየው ግማሽ ሰዓት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ደግሞ ማሽኑ እብቁ ተጠርጎ፣ ቺንጋው ላልቶ፣ ግሪስ ተጨምሮለት ከዝናብ በሚከልል ጣሪያ ሥር ይቀመጥ። በኃይለኛ የውኃ ግፊት ኩሽኔታው ላይ ማጠብ ውኃውን ከመከላከያው ጎማ አሳልፎ ያስገባዋል። በወር አንድ ጊዜ ድራሙን በእጅ ጥቂት ዙር ማዞርም ኳሶቹ ለክረምቱ በሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆመው ዝገት እንዳያበጁ ይረዳል፤ ይህን ለቤቱ ልጅ አደራ ማለት ይቻላል፣ ሞተሩ መጥፋቱን ታላቁ ካረጋገጠ በኋላ።